ሦስት የጥገና ጥያቄዎች

በጠጡን የሚበትነው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ከምሥራቁ ቋጥኝ ጥግ ይጀምርና በየሁለት ክንዱ አንድ አንድ እፍኝ እየጣለ እስከ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች ሥር ይዘልቃል። በጠጡ የፍየል ነው፤ ደባርቅ አጠገብ ካለ በረት በየሳምንቱ በከረጢት ይመጣለታል። በማለዳ የተበተነ እንደሆነ ጤዛው ያረጥበዋል፤ በሁለት ሰዓት የመጀመሪያዎቹ በራሪዎች ከገደሉ አፍ ሲወረወሩም ገና አሁን የወደቀ ይመስላል።

አዝመራው ጓዴ በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ከበጠጡ በኋላ ዋልያዎቹን ይቆጥራል። አርባ አንድ ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ጠጋ ብሎ ከዓይናቸው ላይ ጤዛውን በለስላሳ ጨርቅ ይጠርጋል፤ ሰኮናቸው ሥር የተለበጠው ጎማ አለመበላቱን ያያል፤ የግራ ጆሯቸውን ገልብጦ ቁጥራቸውን ያነባል። ቁጥር ሰባትን፣ ጢሙ ስለረዘመና አቋቋሙ ስለከበደ፣ በልቡ «ቄሰ ገበዝ» ይለዋል። ቁጥር አሥራ ሁለት «ሻለቃ» ነው። በሦስት ሰዓት ከሩብ ሻለቃና ቁጥር ሃያ ዘጠኝ ቀንድ ለቀንድ ይጋጫሉ፤ በአምስት ሰዓት ይደግማሉ፤ ከቀትር በኋላም እንዲሁ። ምንጊዜም የሚያሸንፈው ሻለቃ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ጎብኚ ለአንድ ቀን እንኳ ሃያ ዘጠኝ እንዲያሸንፍ በደብዳቤ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው በጥናት ላይ ነው።

ይህ የሆነው በሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በሰሜን ተራሮች፣ የመስኮት ገደል በሚባለው ስፍራ ነው። ሰው ወደዚያ የሚመጣው ክንፍ ታጥቆ ለመብረር ነው። በራሪው ከገደሉ አፍ ተወርውሮ በእርከኖቹ ፊት ሲያልፍ ዋልያዎቹ ቀና ብለው ያዩታል። እንደሚያዩት በመግቢያ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ሳያዩት የቀሩ እንደሆነ ዳግመኛ በነፃ ይበርራል።

ከእናቷ የተወለደች ዋልያ በዚያ ገደል መታየቷ በመሐላ የተረጋገጠው ለመጨረሻ ጊዜ በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነበር። በመሐላ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። የፈለገውን ምስል መሥራት የሚችል ዕቃ በየሰው ኪስ ከገባ ወዲህ ዳኞች በምስል መፍረድን ትተዋል። የሰው ዓይንና የሰው አንደበት ዳግመኛ ዋጋ አገኙ፤ ከእነሱም ጋር አውጫጭኝ ተመለሰ። በጥንቱ ዘመን ከብት ተሰርቆ ሌባው የጠፋ እንደሆነ አገሬው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይከተት ነበር፤ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን እስኪናገር ድረስም እህል አይቀምስም፣ ወደ ቤቱም አይመለስም። አሁን የሚፈለገው ሌባ አይደለም። በየዓመቱ በሰኔ ሚካኤል ማግሥት፣ ዝናቡ በረራውን ሲዘጋ፣ በተራራው ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ጨነቅ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ተራ በተራም ከአንድ ድንጋይ ላይ እየወጣ «ዓይኔ አላየም፣ ጆሮዬ አልሰማም» ብሎ ይወርዳል። ይህን ቃል ለአሥራ አንድ ዓመት እንደ ዳዊት ስለደገሙት ምን እንደሚል የሚያዳምጠው አልነበረም።

ሕጉ ከዚያ ዓመት በኋላ የወጣ ነው፤ አጭርም ነው። አንድ ያየ ሰውና አንድ ከአውጫጭኙ በፊት ከእሱ የሰማ ሰው ከተገኙ ገደሉ ሕያው ይባላል፤ ይዘጋልም። በራሪ አይወረወርበትም። የተወለደና የተሠራ በአንድ ገደል እንዳይኖሩ ስለተከለከለ ሰው ሠራሽ ዋልያዎቹም ይወርዳሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ምስክር ያለፈ እንደሆነ ግን ገደሉ ከሕያዋን መዝገብ ይፋቃል፤ ከአናቱ እስከ እግሩ ተሰርስሮም ገመድና የብረት መሰላል ይዘረጋበታል።

ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛው ዓመት ነው። የመሰርሰሪያ መኪኖቹ በሸራ ተሸፍነው ጨነቅ ላይ ከቆሙ ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምራ በራሪዎችን ስታስታጥቅ የኖረችው የአዝመራው ልጅ ውባለም የአዲሱ የገመድ መስመር አለቃ ትሆናለች ተብሎ ስሟ በሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ከስሟ ሥር በመስመሩ ላይ የሚቀጠሩ የስድሳ ሦስት ሰዎች ስም አለ።

አዝመራው በዚያ ዓመት ሦስት የጥገና ጥያቄዎች ጽፎ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የጻፋቸው ጥያቄዎች ከመቶ ስለሚበልጡ ይህ በራሱ የሚያስገርም አይደለም።

የመጀመሪያው ሚያዝያ ሦስት ቀን የተጻፈ ነው። «ከታችኛው ጅብራ ሥር የምትቆመው እንስት ለፊሽካ አትታዘዝም። ቁጥሯን ለማንበብ ስጠጋ ትርቃለች። ትታይልኝ።» የሕያዋኑንም የሰው ሠራሾቹንም መዝገብ የሚይዘው መዝገብ ቤት እንዲህ ሲል መለሰ፤ «በስፍራው የተመዘገቡት አርባ አንድ ናቸው፤ አርባ አንዱም ደህና ናቸው። ቁጥሯ ይገለጽ።»

ሁለተኛው ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ። «ያቺው እንስት የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ ተቀዷል። በጎኗ ላይ ፀጉሯ ተነቃቅሏል። ነፋስ ከእሷ በኩል ሲመጣ ትሸታለች።» መልስ፤ «ቁጥሩ አልተገኘም።»

ሦስተኛው ግንቦት ስምንት። «ከእርከን ወደ እርከን ስትዘል እግሯ ሳተ፤ ድንጋይ ናደች። ሚዛኗ ችግር አለበት። በጎብኚ ፊት ብትወድቅ ለስማችን አይበጅም።» መልስ፤ «ቁጥሩ አልተገኘም። ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግሞ ማቅረብ ክልክል ነው።»

አዝመራው መልሱን አነበበ፤ አጥፎም ኪሱ ከተተው። ትእዛዝ አክባሪ ሰው ነውና አራተኛ አልጻፈም። በየማለዳው ግን አርባ አንዱን ቆጥሮ ሲጨርስ ዓይኑ ወደ ታችኛው ጅብራ ይሄድ ነበር። የተበላሸችው እንስት አንዳንድ ቀን ትኖራለች፤ አንዳንድ ቀን አትኖርም። አለመኖሯንም እንደ ብልሽት ቆጠረው።

ሰኔ ዘጠኝ ቀን፣ ከበረራው ማለቂያ ቀኖች በአንዱ፣ በአራት ሰዓት ገደማ ነፋሱ በድንገት ዞረ። ቢጫ ክንፍ የታጠቀች አንዲት በራሪ ወደ ገደሉ ተገፍታ ጓሳ ሣሩ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። አዝመራው ሮጦ ደረሰላትና ማንጠልጠያዋን ፈታላት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ! ሰበርኩባችሁ እንዴ?» አለች፤ በዙሪያዋ የቆሙትን ዋልያዎች እያየች።

«የሰበርሽው የለም። እግርሽን አሳዪኝ።»

«እግሬ ደህና ነው። ልቤ ነው እዚያ ላይ የቀረው።» ሳቀች። «ሌንሳ እባላለሁ። ከአዳማ ነው የመጣሁት። ሌሊቱን ሙሉ ስጸልይ ያደርኩት ለመብረር ነበር፤ ለማረፍ መጸለይ ረሳሁ።»

«ከአዳማ የመጣ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሜዳ ለምዳችሁ» አላት አዝመራው። ውኃ ሰጣት። ነፋሱ እስኪመለስ መቀመጥ ስላለባት ከቋጥኙ ጥግ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሻለቃና ሃያ ዘጠኝ የሦስት ሰዓት ከሩቡን ፍልሚያ ጨርሰው በየቦታቸው ቆመዋል። ሌንሳ አንድ በአንድ ስታያቸው ቆየችና ጣቷን ወደ ታች ቀሰረች።

«ያቺ የተኛችው ምን እየበላች ነው?»

«ምንም። እሷ ብልሽት አለባት። ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ፤ ሰሚ የለም።»

«አፏ ግን ይንቀሳቀሳል።»

«ይኸው! አራተኛው ብልሽት!»

ሌንሳ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ዓይኗን አጠበበች። «ጋሼ፣ እኔ ሥራዬ አፍ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ነኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ያየሁት መንጋጋ ብቻ ነው። የሌሎቹ መንጋጋ ሣር ሲነኩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እንደ በር ነው። የዚህች ግን ወደ ጎን ይፈጫል። ይኸው፣ ዋጠች። ጉሮሮዋን አዩት? አሁን ደግሞ… ወደ ላይ መጣ።»

«ምኑ ነው ወደ ላይ የመጣው?»

«ቁርሷ ነዋ!»

አዝመራው ሕፃን ሳለ አያቱ አንዲት ቡላ ላም ነበረቻቸው። ከሰዓት በኋላ በረቱ ጥላ ውስጥ ተኝታ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ የምታደርገውን አሁን አስታወሰ። ቃሉን አፉ ውስጥ ፈለገው፤ ለሃምሳ ዓመት ስላልተጠቀመበት ቶሎ አልመጣለትም።

«ታመሰኳለች» አለ በመጨረሻ።

እንስቲቱ አላማጠች፣ ዋጠች፣ ትንሽ ቆየች፣ እንደገና አላማጠች። ዝንብ ጆሮዋ ላይ ሲያርፍ ጆሮዋን አራገበች። አዝመራው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ ለምን እንዳወለቀው ግን አልገባውም።

«ልናገር?» አለች ሌንሳ በሹክሹክታ።

«ያንቺ ቃል አይቆጠርም። መመስከር የሚችለው የተራራው ሰው ነው።»

«እንግዲያ የተራራው ሰው እርስዎ ነዎት።»

«ለጊዜው ለማንም አታውሪ።»

«ለማን ላውራ ጋሼ? ምስሏን አንስቼ ባሳይ እናቴም አታምነኝ።»

በስድስት ሰዓት ነፋሱ ተመለሰ። ሌንሳ ክንፏን ታጥቃ ከእርከኑ ተወረወረች፤ አርባ አንዱም ቀና ብለው አዩዋት። አርባ ሁለተኛዋ ከተኛችበት ብድግ ብላ ሸሸች።

በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት አዝመራው በታችኛው ጅብራ በኩል በጠጥ አልበተነም። ሥራውን ቶሎ ቶሎ ይጨርስና ከነፋሱ ግርጌ ተቀምጦ ያያታል። ሃያ ሁለት ዓመት ዋልያ ጠባቂ ነኝ ሲል የኖረ ሰው ስለ ዋልያ አንድም ነገር እንደማያውቅ የተረዳው ያን ጊዜ ነው። ከመተኛቷ በፊት መሬቱን በፊት እግሯ እንደምትጭር አያውቅም ነበር። በኋላ እግሯ ጆሮዋን እንደምታክ፣ ውኃ የምትጠጣው ከምንጩ ሳይሆን ከቋጥኙ ላይ ከሚንጠባጠበው መሆኑን፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሲጮኹ ሰማዩን እንጂ ጭላዳዎቹን እንደማታይ አያውቅም ነበር። ሚያዝያ ላይ ሻለቃና ሃያ ዘጠኝ ሲጋጩ ገደል ለገደል ስትሸሽ አይቷት «ትደነብራለች» ብሎ በልቡ ይዞባት ነበር። አሁን ሲጋጩ ማመስኳቷን እንኳ አታቋርጥም። ማን እንደሚያሸንፍ አውቃለች።

በሁለተኛው ቀን ወደ ቄሰ ገበዝ ቀረበች። አንገቷን አስረዝማ አፍንጫዋን ከአፍንጫው አስጠጋችና ለረጅም ጊዜ አሸተተችው። ቄሰ ገበዝ በታዘዘው መሠረት ቀና አለ፤ ወደ ግራ ዞረ፤ ጎንበስ አለ። እሷ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለችና መልሳ አሸተተችው። ከዚያ ትታው ሄደች። ምን ፈልጋ ምን እንዳጣች ለማወቅ የጓጓውን ያህል አዝመራው በሕይወቱ ለአንዳች ነገር ጓጉቶ አያውቅም።

ከሄደች በኋላ የተኛችበትን ቦታ ወርዶ አየ። ጓሳው ተጋድሟል፤ ገና ይሞቃል። በክንድ ርቀት ሌላ የተጋደመ ጓሳ ነበር። ተንበርክኮ መዳፉን አኖረበት። እሱም ይሞቃል።

ከሁለት ወር በላይ ያየው አንዲት ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው በራሪ ካረፈ በኋላ፣ ወደ ማስታጠቂያው ቤት ወጣ። ውባለም ገመድ እየጠቀለለች ነበር። ትከሻው ላይ ያለውን ከረጢት አየችና ሳቀች።

«አባዬ፣ ግማሹን መልሰህ አመጣኸው? ፍየሎቹ ቅር እንዳይላቸው። ስንት ደክመውበታል።»

«ውቤ፣ ተቀመጪ።»

«ቆሜ እሰማለሁ። ምነው፣ ደግሞ የሻለቃ ቀንድ ወለቀ?»

ነገራት። ስለ ጆሮዋ፣ ስለ እግሯ መሳት፣ ስለ ማመስኳቷ፣ ስለ ሁለቱ መኝታዎች ነገራት። እጇ ገመዱን መጠቅለል አላቆመም፤ ግን እየዘገየ ሄደ። ሲጨርስ ገመዱን መሬት ላይ አኖረችው።

«ሌላ ማን አያት?»

«አንዲት በራሪ። ሄዳለች።»

«የተራራ ሰው ናት?»

«አይደለችም።»

«እንግዲያ አልታየችም» አለች ውባለም። ድምፅዋ የክፋት አልነበረም፤ የነተበ ማንጠልጠያ አይታ «ይህ አይሆንም» ስትል እንደምትናገረው ነው። «አባዬ፣ ስሙን አንብበኸዋል? ስድሳ ሦስት ሰው ነው። ገደሉ ቢዘጋ እኔ ብቻ አይደለሁም የምቀር። በራሪው ይቀራል፤ አስታጣቂው ይቀራል፤ የበቅሎ ጫኙ ይቀራል፤ አንተ ራስህ ምን ይዘህ ትወጣለህ? ለማን ነው በጠጥ የምትበትነው?»

«ለማንም። እሷ የራሷ አላት።»

ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው መልሳ ዋጠችው። «እንደሱ አታስቀኝ። የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ሲሰረስሩ ትሄዳለች፤ ወይም ትወድቃለች። የት እንደነበረች፣ አሥራ ሁለት ዓመት ምን ስትበላ እንደኖረች፣ ያ ሁለተኛው መኝታ የማን እንደሆነ… ሳናውቅ ማለት ነው። ውቤ፣ አንቺ ልታያት አትፈልጊም?»

ገመዱን ከመሬት አንስታ መጠቅለሏን ቀጠለች። «አልፈልግም» አለች። «ካየሁ መማል ሊኖርብኝ ነው።»

አዝመራው ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ትክክል መሰለው። ለእሷም ትክክል መሰላት። ያንን ቃል ከድንጋዩ ላይ ቆመው አሥራ አንድ ጊዜ ብለውታል፤ ሁለተኛው እኩሌታው ግን ለሁለቱም ትዝ አላላቸውም።

የሰኔ ሚካኤል ማግሥት ደመናው ዝቅ ብሎ ዋለ። ጨነቅ ሜዳ ላይ ሦስት መቶ አርባ ሰው በቤተሰብ በቤተሰብ ተሰልፏል። ማንም እህል አልቀመሰም። ከሰልፉ ጀርባ የመሰርሰሪያ መኪኖቹ በሸራቸው ውስጥ ቆመዋል። ከድንጋዩ አጠገብ፣ ጃንጥላ ሥር፣ የሕያዋን መዝገብ ሹሟ ወይዘሮ ትብለጥ መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። በዚህ ወንበር ላይ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠዋል፤ ዘጠኝ ዓመትም «ሂድ፣ ቀጥሎ» ብለዋል።

«ዓይኔ አላየም፣ ጆሮዬ አልሰማም።»

«ሂድ፣ ቀጥሎ።»

የበቅሎ ጫኙ ሙሉሰው ድንጋዩ ላይ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ትብለጥ፣ እኔ እውነቱን ልናገር። በዚህ ዓመት አንዲት ከእናቷ የተወለደች አይቻለሁ፤ ባለቤቴ ናት።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ትብለጥ ከመዝገቡ ቀና አላሉም። «መዝገቡ የሚፈልገው ቀንድ ያላትን ነው።»

«እንግዲያስ ቀረብ ብለው ይዩልኝ!» ከሰልፉ ውስጥ ሚስቱ የወረወረችው ነጠላ ጫማ ትከሻውን አገኘው። እንደ ደንቡ ምሎ ወረደ።

እየተሳቀ እየተማለ ሰልፉ ወደ ፊት ሄደ። አዝመራው ምን እንደሚል አልወሰነም ነበር። ተራው ሲደርስ አፉ ራሱ ይወስናል ብሎ ነበር። ከፊቱ ውባለም ቆማለች፤ አዲስ የተሰጣትን የአለቃ ቀበቶ ታጥቃለች። ተራዋ ደረሰና ወጣች።

«ዓይኔ አላየም» አለች።

ቀጥሎ ያለው ቃል አልመጣም።

አዝመራው ከኋላ እጇ ወደ አለቃ ቀበቶዋ ሲሄድ አየ። ያን ጊዜ ገባው። ማስታጠቂያው ቤት ቁጭ ብሎ በገዛ አፉ ምን እንዳደረጋት ገባው። አላይም ብላ ዓይኗን ጠብቃ ነበር፤ ጆሮዋን ግን እሱ ሞልቶባታል። አሁን ወይ በሐሰት ትምላለች፣ ወይ የስድሳ ሦስት ሰው እንጀራ በአንደበቷ ትዘጋለች። ይህን ሸክም ያሸከማት አባቷ ነው።

«ጆሮሽስ?» አሉ ወይዘሮ ትብለጥ፤ አሁንም ቀና ሳይሉ።

ከሰልፉ ጀርባ አንድ ሰው «ረሳችው!» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ።

አዝመራው ተራውን ሳይጠብቅ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ድንጋዩ ለሁለት ጠባብ ስለነበር ትከሻ ለትከሻ ቆሙ።

«እትዬ ትብለጥ፣ የእሷን ለጊዜው ያቆዩልኝ። የእኔን ያስቀድሙ። ዓይኔ አይቷል።»

ወይዘሮ ትብለጥ ቀና አሉ።

«ምን አየ?»

«ዋልያ። ከእናቷ የተወለደች። እንስት።»

«አዝመራው፣ አንተ አርባ አንድ ዋልያ በየቀኑ ታያለህ። ከእነሱ አንዷ አለመሆኗን በምን አወቅህ?»

«እኔም ከሁለት ወር በላይ ከእነሱ አንዷ መስላኝ ነበር። ሦስት ጊዜ አመልክቼባታለሁ። መዝገብዎ ውስጥ አለ፤ ሚያዝያ ሦስት፣ ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ፣ ግንቦት ስምንት።»

ወይዘሮ ትብለጥ ገጹን ገለጡ። እንደ ደንቡ የሚቀርብ ጽሑፍ ሁሉ በድምፅ ይነበባልና አነበቡ። «ለፊሽካ አትታዘዝም» ሲሉ ሰዉ ሳቀ፤ ሙሉሰውም «እኔ ያልኳት እሷን ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጆሮዋ ተቀዷል፣ ፀጉሯ ተነቃቅሏል፣ ትሸታለች» ሲሉ ሳቁ ቀጠነ። «ስትዘል እግሯ ሳተ» የሚለው ጋ ሲደርሱ የሚስቅ አልነበረም። በዚያ ሜዳ ከቆመው ሰው የሚበዛው በሰው ሠራሾቹ መካከል ያደገ ነው፤ በዘመኑ ሁሉ እግሩ የሳተ ዋልያ አላየም።

ወይዘሮ ትብለጥ መነጽራቸውን አወለቁ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ያለው መልስ የራሳቸው እጅ ጽሕፈት ነበር።

«ቁጥሩ አልተገኘም» አሉ በዝግታ፤ ለራሳቸው የሚያነቡ ይመስል። «ሁለት ጊዜ ጽፌልሃለሁ። ቁጥር የሌላት መሆኗን ለካ እኔም መስክሬአለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን አስተካከሉ። «ያየ አንድ። በአንድ ሰው ገደል አይዘጋም። ከዛሬ በፊት ከእሱ የሰማ አለ?»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። የሸራው ጫፍ ነፋስ ሲያገኘው ይጠፋጠፋል። አዝመራው ልጁን ላለማየት ዓይኑን ተራራው ላይ ተከለ። ትከሻዋ ከትከሻው ጋር ተነካክቶ ነበርና ስትተነፍስ ይሰማው ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ።

«ጆሮዬ ሰምቷል» አለች ውባለም።

ወይዘሮ ትብለጥ ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱም የተቀረውን ሰው አስማሉ፤ አውጫጭኝ ሁሉም ሳይናገር አይፈታም። ከእነሱ በኋላ አንድ መቶ ሃያ ስምንት ሰው «አላየም፣ አልሰማም» አለ። ያን ቀን ግን እያንዳንዱ ከመናገሩ በፊት ጥቂት እያሰበ ስለነበር ነገሩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈጀ።

ሲበተኑ አባትና ልጁን የተሰናበታቸው ሰው ጥቂት ነው። ከስድሳ ሦስቱ አንዱ ውባለምን «እግዜር ይስጥሽ» ብሏት አለፈ፤ የምስጋና አነጋገር አልነበረም። ሙሉሰው ብቻ ቆም ብሎ «አያ አዝመራው፣ እውነት ትሸታለች?» ሲል ጠየቀ። «ትሸታለች» አለው። «ምን ምን?» አዝመራው አሰበና «እንደ እርጥብ ፍየል፤ ግን እንደሱም አይደለም» አለው። ሙሉሰው ራሱን እየነቀነቀ፣ እያሰበ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን መኪኖቹ ሸራቸውን ሳይገልጡ ቁልቁል ወደ ደባርቅ ተመለሱ። በአራተኛው ቀን ሰው ሠራሾቹን እንዲያወርድ ለአዝመራው ትእዛዝ ደረሰው። ከዚያ ወዲያ ሥራው ያበቃል።

በማለዳ ወጣ። ከረጢቱን አልያዘም። የዓይናቸውን ጤዛ ግን እንደ ወትሮው አንድ በአንድ ጠረገላቸው፤ ቄሰ ገበዝ ዘንድ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከገደሉ ወደሚያስወጣው በር ወጥቶ ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ረጅም አድርጎ ነፋ። ከየእርከኑ ተነሥተው በአንድ መስመር መጡ፤ ሻለቃ ከፊት፣ ሃያ ዘጠኝ ከኋላው። በበሩ ሲያልፉ ቆጠራቸው።

«…አርባ፣ አርባ አንድ።»

ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ። ውባለም ናት። የአለቃውን ቀበቶ አልታጠቀችም፤ በአሮጌው ገመድ ወገቧን አስራለች። አጠገቡ መጥታ ቆመችና ባዶውን ገደል ተመለከተች። ጭጋጉ ከታች ወደ ላይ እየተነሣ እርከኖቹን አንድ በአንድ ይሸፍናል፣ አንድ በአንድ ይገልጣል።

«የታለች?» አለች።

«ዓይንሽን ከታችኛው ጅብራ አትንቀይው።»

ፊሽካውን ወደ አፉ አደረገና አንድ ጊዜ ብቻ ነፋው። ከጅብራው ሥር አንድ ራስ ቀና አለ፤ የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ ተቀዷል። ፊሽካው ወደመጣበት በኩል ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ቋጥኙ ዞረች፤ ቋጥኙ ጋ ስትደርስም ቆም ብላ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ጭጋጉ፣ የምትጠብቀው እንዳለ ሁሉ ተመለከተች።

«ምን እየጠበቀች ነው አባዬ?»

«አላውቅም» አለ አዝመራው። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተና መሬት ላይ ተቀመጠ። «ተቀመጪ፤ እናያለን።»